ሥልጠናው አልቋል፤ መምህሩ ግን ብቻውን ነው

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስለ ካኩማ ከተወራ የሚወራው ስለ ራሽን ነው። ልክም ነው። አሜሪካ በጥር ወር የውጭ እርዳታዋን ካቆመች በኋላ በዓመቱ አጋማሽ ላይ የምግብ ድርሻው ከመደበኛው አንድ ሦስተኛ በታች ወረደ። ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ቤተሰብን በካታጎሪ እየለየ የሚሰጥ አሠራር መጣ። ሆድ ባዶ ሆኖ ስለ ትምህርት ማውራት ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ማንም ሰልፍ ሳይወጣላት፣ ማንም ሳያለቅስላት ስለጠፋች አንዲት ነገር ልጻፍ ብያለሁ። የአካል ጉዳት ያለባቸውን፣ መስማት ወይም ማየት የተሳናቸውን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያስተምር መምህር ከሠለጠነ በኋላ ክፍሉ ድረስ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ አይቶ፣ «ይቺን እንዲህ ብታደርጋትስ?» የሚለው ሰው ጠፍቷል። በወረቀት ቋንቋ ነገሩ ግብረ መልስ ይባላል።

ለምን አሁን? መጋቢት 28 ቀን 2025 የኬንያ መንግሥት የሺሪካ ፕላንን በይፋ አስጀመረ። እቅዱ ካኩማንና ዳዳብን ከመጠለያነት አውጥቶ ስደተኛውና የአካባቢው ሰው አገልግሎት የሚጋሩባቸው ሰፈሮች ያደርጋቸዋል ነው የሚባለው። ትምህርት ቤቶቹም ቀስ በቀስ በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ይገባሉ። በወረቀት ደረጃ ኬንያ ለእነዚህ ልጆች ባዶ እጇን አይደለችም። ከ1984 ጀምሮ ልጆችን እየመረመሩ ወደ ተገቢው ትምህርት የሚመሩ ማእከላት አሏት፤ ናይሮቢ ያለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተቋም በ1986 ነው የተቋቋመው፤ በ2018 የአካል ጉዳት ስላለባቸው ተማሪዎች ራሱን የቻለ ፖሊሲ አወጣች፤ በ2025 ደግሞ አዲስ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ጸደቀ። የኢጋድ አገሮች በታኅሣሥ 2017 ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው የስደተኛውን ልጅ ትምህርት በየአገራቸው ሥርዓት ውስጥ እናስገባለን ብለው ፈርመዋል። ፊርማ ሞልቷል። ክፍል ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው።

ክፍሉን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በካምፑ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምረው አብዛኛው መምህር ራሱ ስደተኛ ነው። ደሞዝ አይባልም የሚከፈለው፣ «ኢንሴንቲቭ» ነው፤ ከኬንያዊው ባልደረባው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነች። ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው የቆሙ ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ከመቶ በላይ ልጅ ይኖራል። ከእነዚያ መካከል አንዱ አይሰማም፣ አንዷ የሚጥል በሽታ አለባት፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ ማንም መርምሮት አያውቅም፤ ብቻ ከኋላ ተቀምጦ ዓመቱን ይፈጃል። ለዚህ መምህር የሚሰጠው የሦስት ወይም የአምስት ቀን ሥልጠና ነው። ሥልጠናው መጥፎ አይደለም፤ ሻይ አለ፣ የትራንስፖርት አበል አለ፣ ማርከርና ትልልቅ ወረቀት አለ፣ ሰርተፊኬት አለ። ሰኞ ጠዋት ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ነገር መቶ ልጅ ፊት ይተናል።

ይህ የካኩማ ጉድ ብቻ አይደለም። ጆይስና ሻወርስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የትምህርት ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሉት የኖሩት ይህንኑ ነው። መምህር ንድፈ ሐሳቡን ሰምቶ፣ ሲሠራ አይቶ፣ እዚያው ሥልጠናው ላይ ተለማምዶም እንኳ ክፍሉ ሲመለስ አብሮት የሚቆም ሰው ከሌለ አዲሱን ነገር ሥራ ላይ አያውለውም። በ2018 ደግሞ ክራፍት፣ ብሌዛርና ሆጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሠልጣኝ ድጋፍ ላይ የተሠሩ 60 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ድጋፉ የመምህሩን አስተማመር በደንብ ይለውጣል፣ የተማሪውንም ውጤት ያነሳል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በሀብታም አገር ነው፤ ይህን መርሳት አይገባም። ግን ወዲህ ጠጋ ብንል የኬንያ የራሷ ምሳሌ አለ። ከ2015 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የተካሄደው ቱሶሜ የተባለው የንባብ ፕሮግራም የመንግሥት የሥርዓተ ትምህርት ድጋፍ ባለሙያዎችን ታብሌት አስይዞ ወደ ክፍል ላካቸው። ትምህርቱን ያያሉ፣ ጥቂት ልጆችን ያስነብባሉ፣ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ይነጋገራሉ። የሄዱበትም የትራንስፖርት ወጪ ይተካላቸው ነበር። ሚስጥሩ ታብሌቱ ብቻ አይመስለኝም፤ የሞተር ሳይክሉ ሂሳብ መከፈሉም ጭምር ነው።

እኔ በአገር ቤትም በካምፕም ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እዚህ በጥቂት ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ የልዩ ፍላጎት ልጆች ያሉባቸውን መምህራን ስደግፍ ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ያየሁት ትልቁ ችግር ግብረ መልስ አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ ሲኖርም ስሙን ብቻ የያዘ መሆኑ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ግብረ መልስ ልስጥህ» ሲባል አብዛኛው ጆሮ የሚሰማው «ግምገማ» ነው። ግምገማን እናውቀዋለን። ቀበሌ፣ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ቦታ ተቀምጠንበታል። ሰው መሃል ቆሞ የሚወቀስበት፣ «ሂስህን ዋጥ» የሚባልበት ስብሰባ ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ሥራውን ሳይሆን ጠላቱን ለይቶ ነው የሚወጣው። በሌላ በኩል ደግሞ ይሉኝታ አለች። በዕድሜ የሚበልጥህን መምህር «ጋሽዬ፣ እዚያ ጋ ልጁን ዘለሉት» ማለት ነውር ይመስላል። ስለዚህ «በጣም ጥሩ ነበር፣ ይበርቱ» ተብሎ ይታለፋል። በወቀሳና በሙገሳ መሃል ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ መምህር የሚሠለጥነው ግን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን የሚያስረዳ አንድ ጥናት አለ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖታል፣ አሁንም ሳነበው ይገርመኛል። ክሉገርና ደኒሲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ከ600 በላይ ውጤቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። በአማካይ ግብረ መልስ ይጠቅማል። ነገር ግን ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ሥራውን ጭራሽ አበላሽቶታል! ሰውየው ስለ ሥራው ማሰቡን ትቶ ስለ ራሱ ማሰብ ሲጀምር፣ «እኔ ሰነፍ ነኝ ወይ? ምን ሊሉኝ ነው?» ሲል ግብረ መልሱ ወደ ጎጂነት ይሄዳል ነው የሚሉት። ግምገማ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ሙገሳም ቢሆን ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሥራው ካልሆነ ያው ነው።

እስቲ በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ወጣት መምህርት አለች፤ ስሟ ይቅር። ክፍሏ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ አያት፤ ከየት እንደመጣ አልናገርም። ለሩብ ሰዓት ቆመ፣ ቅጽ ሞላ፣ ሲወጣ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን የክፍል አያያዝሽን አሻሽዪ፣ ልጁንም አሳትፊው» አላት። ሌላ ምንም የለም። «እሺ፣ አሳትፊው ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ማሳተፍን ማንም ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚደረግ ነው ያልተነገራት።

በሳምንቱ ደብተር ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ያደረግኩት ነገር ቢኖር መቁጠር ነው። በ35 ደቂቃ ውስጥ 23 ጥያቄ ጠየቀች። ለልጁ የደረሱት 2 ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ልጁ አፉን ሳይከፍት ጥያቄው ወደ ሌላ ልጅ አለፈ። ከክፍል ስንወጣ ዛፍ ጥላ ስር ቆመን ይህንኑ ቁጥር አሳየኋት። ጎበዝም አላልኳትም፣ ሰነፍም አላልኳትም።

«ቆይ፣ ሁለት ብቻ?» አለች።

«ሁለት። ስትጠይቂው ደግሞ ቶሎ ትሄጃለሽ፤ እኔም ብሆን አልደርስብሽም ነበር።»

«መቶ ልጅ ይጮኽብኛል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይጮኽብሻል። ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ። የትኛው ይሻልሻል? ጥያቄ መጨመር ነው ወይስ መጠበቅ?»

መጠበቅን መረጠች። ጠይቃው በልቧ እስከ አምስት ልትቆጥር ተስማማን። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ደግሞ የልጆች መልስ እንደሚለወጥ አሳይታለች። አንድ ሰከንድ ለፈጣኑ ልጅም አይበቃም፤ ለዘገምተኛው ጭራሽ በሩን መዝጋት ነው። በሳምንቱ ስመለስ አምስቱን ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ልጁ ሁለት ጊዜ መለሰ። አንዱ መልስ ስህተት ነበር፤ ግን ድምፁን ክፍሉ ሰማው።

ከዚህ ውስጥ አዋቂነት የሚጠይቅ ነገር የቱ ነው? ዲግሪ ያለው ሰው አላስፈለገም። ያስፈለገው ዓይኑን ልጁ ላይ ተክሎ የሚያይ፣ የሚቆጥር፣ አንድ ነገር ብቻ የሚመርጥ፣ በቀጠሮው የሚመለስ ሰው ነው። መመለሱ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ያልተመለሰ ሰው ግብረ መልስ አልሰጠም፣ አስተያየት ጥሎ ነው የሄደው።

የሚታየው ነገር እንደ ልጁ ዓይነት ይለያያል። መስማት የተሳናት ልጅ ባለችበት ክፍል የምቆጥረው መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ስንት ጊዜ እንዳወራ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ለእሷ ክፍሉ ጠፍቷል። ማየት የተሳነው ልጅ ጋ ደግሞ «ይህን»፣ «እዚያ ጋ»፣ «እንደዚህ» የሚሉ ቃላትን ነው የምይዘው፤ ጣት ላላየ ሰው «ይህ» ማለት ምንም ነው። ሌላም አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። በጣም ደግ የሆኑ መምህራን አሉ። የልጁን እጅ ይዘው ፊደሉን ይጽፉለታል፣ መልሱን በጆሮው ይነግሩታል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ብቻውን የሚያደርገው አንድም ነገር የለም። ለእንዲህ ያለ መምህር «እጅህን ትንሽ ቀደም ብለህ ልቀቀው» ማለት ደግነቱን መንካት ይመስለዋል። ቁጥር እዚህም ያግዛል። «ዛሬ ስምንቱንም ፊደል እጁን ይዘህ ነው የጻፍክለት፤ ነገ ሁለቱን ብቻውን ይሞክር» ስትለው የምታወሩት ስለ ደግነቱ ሳይሆን ስለ ፊደል ይሆናል።

ሺለርና ባልደረቦቿ በ2004 ለመምህራን ስለሚሰጥ ግብረ መልስ የተጻፈውን ሲያበጥሩ ከሁሉም ባሕርያት ይልቅ ማስረጃው ጠንክሮ የቆመው ለአንዱ ነው ብለዋል፤ ወዲያውኑ መሰጠቱ። ይህን ይዘው አሜሪካ ውስጥ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሠለጥኑ መምህራን ጆሮ ላይ ትንሽ ማዳመጫ አድርገው አሠልጣኙ ከሩቅ ሆኖ በትምህርቱ መሃል በአጭር ቃል እንዲመራቸው ያደርጋሉ። «ጠብቅ»፣ «ስሙን ጥራ»፣ «አሁን አመስግነው»። እዚህ ኔትወርኩ ራሱ ይጠፋል፣ ማዳመጫውስ ከየት ይመጣል? እኛ ግን በምልክት ተስማምተን ሠርተናል፤ ከኋላ ተቀምጬ እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ «ጠብቂ» ማለት ነው፣ ብዕሬን ሳነሳ «ወደ እሱ ሂጂ» ማለት ነው። ልጆቹ አላወቁብንም። ሁሉም መምህር ይህን ይወዳል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱን ያሳቅቀዋል። ለእሱ ከክፍል በኋላ ያለችው አምስት ደቂቃ ትበቃዋለች፤ ወር ቆይቶ በኢሜይል የሚመጣ ሪፖርት ግን ለማንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። መምህሩን የሚያየው ሰው የሚሞላው ቅጽ የት ነው የሚሄደው? በብዙ ቦታ የሚሄደው ውል ወደሚያድሰው ቢሮ ነው። የኬንያ መንግሥት መምህራንም ከ2016 ጀምሮ ክፍል ውስጥ የሚታዩት ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር በተያያዘ አሠራር ነው። ምዘና ይቅር አልልም፤ ደካማ መምህር ልጅ ይጎዳል። ግን ሁለቱን በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ማድረግ ሁለቱንም ይገድላል። በተለይ ከ2025 ወዲህ ድርጅቶች ሠራተኛ እየቀነሱ ባሉበት ጊዜ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ራሱ 3,500 ያህል የሥራ መደቦችን ባጠፈበት ዓመት፣ «ችግሬ ይኸውልህ» ብሎ የሚናገር ኢንሴንቲቭ መምህር ማን ነው? እናም የእንግዳ ትምህርት የምለው ነገር ተፈጥሯል። መኪናው ግቢ ሲገባ ከኋላ የነበረው ልጅ ወደ ፊት ይመጣል፣ አስቀድሞ የሚያውቀውን መዝሙር ይዘምራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ ይነሳል። መኪናው ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። መምህሩን አልወቅስም፤ እንጀራው ነው። ይህን እንዲያደርግ ያስገደደውን አሠራር ግን እወቅሳለሁ።

ካኩማ ውስጥ ሌላ መንገድ ተሞክሮ ያውቃል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ከአጋሮቹ ጋር «ቲቸርስ ፎር ቲቸርስ» የሚል ሥራ ጀምሮ ነበር። ሦስት ነገር ነበረው፤ ሥልጠና፣ መምህራን እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉበት የክፍል ጉብኝት፣ እና በዋትሳፕ ከውጭ አገር መምህራን ጋር የሚደረግ ምክክር። ልዩ ፍላጎት ላይ ብቻ ያተኮረ አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ለእኛ ጉዳይ ልክክ ይላል። እኩያ ለእኩያ ሲሆን ውል የሚያድስ አለቃ መሃል የለም። ከዚያ የተወሰደው የእኩዮች ድጋፍ መመሪያም በነጻ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ መምህሩ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነጻ ሆኖ የጎረቤቱን ክፍል እንዲያይ መፍቀድ፣ ያቺንም ክፍለ ጊዜ የሚሸፍን ሰው ማግኘት። እውነቱን ለመናገር በመቶ ልጅ ላይ ይቺም ቀላል አይደለችም።

እዚህ ላይ የእኛን ማኅበረሰብ ለብቻው የሚመለከት ነገር አለ፤ ቋንቋ። ከኢትዮጵያ ስትመጣ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የተማረች መስማት የተሳናት ልጅ ካኩማ የሚጠብቃት የኬንያ ምልክት ቋንቋ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የእኛው ለፊደላችን የራሱ የጣት ምልክት አለው። እንዲህ ያለችን ልጅ ሳያውቅ «አትገባባም» ብሎ የሚመዘግብ መምህር አይቻለሁ። የሚጎበኘውም ሰው ቋንቋውን ስለማያውቅ አላረመውም። ያረመችው እናቷ ናት። «ኧረ መምህር፣ ልጄ አገር ቤት ትማር ነበር፣ በእጇ ታወራለች» ብላ መጥታ። እናትየዋም የግብረ መልሱ አካል መሆን አለባት የምለው ለዚህ ነው። ሰበታ ላይ ተምረው ያስተማሩ፣ ምልክት ቋንቋና ብሬል የሚያውቁ ሰዎች በየካምፑ መሃላችን ሊኖሩ ይችላሉ፤ አገር ቤት ምን ይሠሩ እንደነበር የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ግብረ መልስ የማያደርገውንም ልናገር። የመስሚያ መሣሪያ አይተካም። ብሬል ወረቀት አይሆንም። ተሽከርካሪ ወንበር አሸዋው ውስጥ ሲቀረቀር መንገድ አይሠራም። የተራበ መምህርም «አምስት ቁጠር» ቢሉት ሆዱን ነው የሚቆጥረው። «ገንዘብ የለም፣ መምህራኑን እናበርታቸው» የሚል ቢሮ ካለ ይህን ጽሑፍ መደገፊያ አያድርገው።

ሺሪካ ላይ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ለመንግሥት ሲተላለፉ ሕንጻውና ተማሪው ይተላለፋል፤ በኢንሴንቲቭ የሚሠራው የልዩ ፍላጎት መምህርና የክፍል ረዳቱስ? የኬንያ መምህራን ኮሚሽን ምዝገባ የሌለው ሰው በማን ይታያል፣ በማን ይደገፋል? በ1984 የተጀመሩት የምርመራ ማእከላት ባለሙያዎች ካምፕ ውስጥ ላለው ክፍል በየስንት ጊዜው ይመጣሉ፣ ትራንስፖርታቸውንስ ማን ይከፍላል? በማኅበረሰብ ስብሰባዎች ላይ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ መታወቂያ ስንጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ይህን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ካለ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። የልጄን መምህር ክፍል ገብቶ ያየው ሰው መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ካየ በኋላ ምን እንዲቀየር ተስማሙ? ተቀይሮ እንደሆነ ለማየትስ ተመልሶ መጣ? ርእሰ መምህሩ መልስ ከሌለው ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አድርጉ። የኬንያ የትምህርት ዓመት በጥር ይጀምራል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚባለው ነገር የሚወሰነው ከዚያ በፊት ነውና ከኅዳር በፊት ጠይቁ።